መልስ፦ በኔትኦብጀክትስ ፊውዥን የተሠራው ገጽ ለምን በሠንጠረዥ ተሞላ?

ወንድሜ፣ የድሮውን ገጽ ኮድ ስትከፍት ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ውስጥ፣ በየመሀሉ ደግሞ የማይታይ ምስል ያገኘኸው ነገሩ ተበላሽቶ አይደለም። ፊውዥን የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም አሠራሩ ነው።

ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ሲኤስኤስ (የገጽን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው ቋንቋ) ገና ጨቅላ ነበር፤ ብሮውዘሮቹም በቅጡ አያውቁትም። ፊውዥን ግን ጽሑፉንና ፎቶውን በማውስ ጎትተህ ደስ ያለህ ቦታ አስቀምጥ ይልሃል። ታዲያ ቦታውን በምን ያስይዘው? ገጹን መስመር በሌለው ሠንጠረዥ ይሸነሽነዋል፤ ባዶውን ክፍል ደግሞ ቀለም በሌለው የጂአይኤፍ ምስል ይሞላዋል። ምስሉ ራሱ አንድ ፒክስል ቢሆንም ወርዱ 140 ተብሎ ከተጻፈ 140 ፒክስል ይይዛል። ለዘመኑ ብልጠት ነበር፣ አይካድም።

እና ምስሎቹን ልሰርዛቸው ወይ ላልከው፣ ተው! አንዷን ስታነሳ ዓምዱ ይሰበሰብና ገጹ ይንጋደዳል። ኤችቲኤምኤሉን (የገጹን ኮድ) በእጅ መነካካትም ድካም ነው። ዲዛይኑ ያለው በፊውዥን የራሱ ፋይል ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚያ እንደገና ፐብሊሽ ሲደረግ (ገጹ ተዘጋጅቶ ሲወጣ) ያስተካከልከው ሁሉ ይጠፋል።

እኔ ብሆን ጽሑፉንና ፎቶዎቹን ብቻ አውጥቼ በሲኤስኤስ ግሪድ (ገጹን በረድፍና በዓምድ በሚከፍለው አሠራር) እንደ አዲስ እሠራዋለሁ። ስታወጣ ታዲያ አርእስቶቹን ልብ በል፤ አንዳንዶቹ ጽሑፍ ሳይሆኑ ፊውዥን በምስል የሠራቸው ናቸው፣ በእጅህ መጻፍ ይኖርብሃል።