የኤልኤልሲዬ ወኪል ከቨርጂንያ ወጥቷል፤ ማንን ልተካ?

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ የጽዳት ሥራ የሚሠራ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) አለኝ። ሬጂስተርድ ኤጀንት (ለድርጅቱ የሚላኩ የፍርድ ቤት መጥሪያዎችን የሚቀበል ሕጋዊ ወኪል) አድርጌ ያስመዘገብኩት ሸሪኬ የነበረው ወንድሜ ድርሻውን ለቅቆ ወደ ቴክሳስ ሄዷል። በእሱ ምትክ አንድ ወዳጄን በፖስታ ሣጥን አድራሻ ማስመዝገብ እችላለሁ? ክፍያውስ ስንት ነው?

መልስ፦ ከክፍያው ልጀምር፤ በቨርጂንያ ኤጀንት ለመለወጥ ስቴቱ ምንም አያስከፍልም። ለውጡን ድርጅቶችን በሚመዘግበው የቨርጂንያ መሥሪያ ቤት፣ በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ድረ ገጽ ወይም ኤልኤልሲ 1016 በተባለው ቅጽ ማስመዝገብ ይችላሉ። የመንግሥት ደብዳቤ መስለው ለዚሁ ጉዳይ ገንዘብ የሚጠይቁ የግል ድርጅቶች ስላሉ፣ እባክዎ ሳያጣሩ አይክፈሉ።

ያሰቡት አማራጭ ግን አይሆንም። በሕጉ መሠረት ኤጀንት የሚሆነው ግለሰብ የቨርጂንያ ነዋሪ መሆን ብቻ ሳይሆን የድርጅቱ አባል ወይም ሥራ አስኪያጅ፣ አለዚያም የቨርጂንያ ጠበቆች ማኅበር አባል መሆን ስላለበት፣ ወዳጅዎ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆኑ በወዳጅነት ብቻ አይመዘገቡም። አድራሻውም ሰው በአካል የሚገኝበት ቤት ወይም ቢሮ እንጂ የፖስታ ሣጥን ሊሆን አይችልም። ቅጹ አድራሻው የሚገኝበትን ካውንቲ ወይም ከተማ ለይቶ ይጠይቃል፤ በፖስታ አድራሻቸው አሌክሳንድሪያ የሚባሉ ብዙ ቤቶች በሕግ የፌርፋክስ ካውንቲ ስለሆኑ፣ ከመሙላትዎ በፊት የእርስዎን ያረጋግጡ።

ጉዳዩን እንዳያዘገዩት አጥብቄ የምመክርዎ ድርጅትዎ ቢከሰስ መጥሪያው የሚደርሰው ለኤጀንቱ በመሆኑ ነው። በቨርጂንያ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት መልስ የሚሰጠው መጥሪያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ኤጀንቱ በተገቢው ጥረት ተፈልጎ ካልተገኘ ሕጉ መጥሪያው ለኮሚሽኑ ጸሐፊ እንዲሰጥ ስለሚፈቅድ፣ እርስዎ ስለ ክሱ ሳይሰሙ በሌሉበት ሊፈረድብዎ ይችላል።

የቨርጂንያ ነዋሪ ከሆኑ ራስዎ ኤጀንት መሆን ይችላሉ፤ ቀላሉም መንገድ ይህ ነው። ሆኖም አድራሻው ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ስለሚታይ፣ የመኖሪያ ቤትዎ እንዲታወቅ ካልፈለጉ ወይም ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ የሚውሉ ከሆነ፣ ለጠበቃ ወይም በዚህ አገልግሎት ለተሠማራ ድርጅት መክፈሉ ተገቢ ይመስለኛል። የድርጅቱ ዋና ቢሮ አድራሻም ተቀይሮ እንደሆነ በኮሚሽኑ ዘንድ ለብቻው ማስተካከል፣ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ደግሞ በቅጽ 8822-ቢ ማሳወቅ ያስፈልጋል።