ኮይልህን ያጠቆረው ራሱ ቡናው ነው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር የ29 ዓመት ወንድማችን የላከልኝን ጥያቄ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ጋሼ፣ ሲጋራ ካቆምኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፤ አሁን የምስበው ቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ከሱቅ የምገዛው የቡና ጣዕም ያለው ፈሳሽ ግን ቡና ቡና አይልም፣ የተቃጠለ ከረሜላ ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ እናቴ ከጅማ የላከችልኝን ቡና ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ የቬፕ ፈሳሽ በሚሠራበት በፕሮፒሊን ግላይኮል ዘፍዝፌ ሦስት ሳምንት አስቀመጥኩት። በጨርቅ፣ ከዚያም በወረቀት አጥልዬ ኒኮቲን ካለው ፈሳሽ ጋር ቀላቀልኩት። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ግሩም ነበር። ማታ ላይ ጣዕሙ አረረ፣ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ኮይሉን፣ ፈሳሹን የሚያሞቀውን ሽቦ፣ ስፈታው ጥቁር ቅጥራን ለብሷል። አዲስ ገጠምኩ፣ በማግስቱ ያው ሆነ። ጥፋቱ የማጥለያዬ ነው ወይስ የአቆላሌ?»

ወንድሜ፣ ማጥለያህም አቆላልህም አልበደሉም። ከሁሉ በፊት ግን ያንን ፈሳሽ መሳብ ዛሬውኑ ተው። ለምን እንደምልህ በደንብ ላስረዳህ፤ ምክንያቱን ካወቅህ የተሻለ ማጥለያ ፍለጋ ገንዘብህን አታባክንም።

የእኔ ሥራ ቡና መቁላት ነው። ከመቁላቱ ጎን ለጎን ለኬክ ቤቶች የቡና ኤሰንስ፣ ማለትም ለጣዕም የሚጨመር ጠንካራ የቡና ፈሳሽ፣ አዘጋጃለሁ። አንተ በጠርሙስ ያየኸውን እኔ በጀሪካን አይቼዋለሁ።

ሰው ቡናን በፈሳሽ ሲዘፈዝፍ ፈሳሹ ሽታውን ብቻ መርጦ የሚወስድ ይመስለዋል። ፈሳሹ ግን አይመርጥም። ሽታውን ይወስዳል፣ መራራውን ይወስዳል፣ ቡናውን ቡናማ ያደረገውን በእሳት የተለወጠ ስኳር ይወስዳል፣ ከዘይቱም ጥቂት ይዞ ይወጣል። የአረቢካ ፍሬ 15 በመቶ ገደማው ዘይት ነው። ቡና በደንብ ሲቆላ ላዩ የሚያብረቀርቀው ይኸው ዘይት ከውስጥ ወጥቶ ነው። ከተቆላው ቡና ክብደት ደግሞ 30 በመቶ ገደማው በፈላ ውሃ ሊሟሟ የሚችል ነገር ነው። ወረቀት አተላውን ይይዛል እንጂ የሟሟውን አይዝም። ስኳር ሻይ ውስጥ ከሟሟ በኋላ በወረቀት አጥልለህ ልታወጣው ትችላለህ? አትችልም። አንድ ጊዜም አጥልለው አሥር ጊዜ፣ ያው ነው።

አሁን ኮይሉን አስበው። የቬፕ ፈሳሽ በዋናነት የሚሠራው ከፕሮፒሊን ግላይኮልና ከግሊሰሪን ነው፤ የመጀመሪያው በ188 ዲግሪ፣ ሁለተኛው በ290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ሁለቱም ንጹህ ከሆኑ ተንነው ሲሄዱ ኮይሉ ላይ የሚተዉት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከቡናው የወጣው ስኳርና ቡናማ ነገር ግን አይተንም፤ እዚያው ሽቦው ላይ ይቀርና ያርራል። ጀበና ገንፍሎ ምድጃ ላይ ሲደርቅ የሚሆነውን ታውቀዋለህ። ኮይልህ ላይ በእያንዳንዱ ስበት ትንሽ ትንሽ ጀበና እየገነፈለ ነው። ፈሳሹን ለኮይሉ የሚያደርሰው ጥጥ በዚህ ሲደፈን ፈሳሽ አይደርሰውም፤ ደርቆ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ግሊሰሪኑም ከልክ በላይ ሞቆ ይበላሽና ጉሮሮና ሳንባ የሚያቃጥል ጭስ ይሰጣል። የከረከረህ ይህ ነው።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ እንዳንተው አድርጌ ሞከርኩት። 50 ግራም ቡና በ200 ሚሊ ሊትር ፕሮፒሊን ግላይኮል ዘፍዝፌ አምስት ቀን አቆየሁና በጨርቅም በወረቀትም አጠለልኩት። ሁለት አሮጌ የብረት ማንኪያ አነሳሁ። በአንዱ ቡና ያልነካውን አምስት ጠብታ፣ በሌላው ቡና የነካውን አምስት ጠብታ አድርጌ፣ መስኮት ከፍቼ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያው ጭስ እያለ አለቀ፤ ማንኪያው እንደታጠበ ንጹህ ቀረ። ሁለተኛው መጀመሪያ ደስ የሚል የቡና ሽታ ሰጠ። ቀጥሎ አረፋ ደፈቀ፣ ጠርዙ ላይ ቡናማ ቀለበት ሠራ፣ በመጨረሻም ጥቁር ሆኖ ተጣበቀ። በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈግፍጌ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። አምስት ጠብታ ይህን ካደረገ፣ ቀኑን ሙሉ የምትስበው ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትህም።

ዘይቱን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ዘይት ሆድ ይፈጨዋል፣ ሳንባ ግን አይፈጨውም። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ቬፕ የሚስቡ ብዙ ሰዎች በድንገት ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ሲገቡ ታስታውስ ይሆናል። እስከ 2020 የካቲት ድረስ 2,807 ሰዎች ተመዝግበው 68ቱ ሞተዋል። ከጉዳቱ ጋር በጥብቅ የተያያዘው፣ በተለይ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ ይጨመር የነበረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ቅባት ነው። ያ ቅባት በምግብና በቆዳ ክሬም ውስጥ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ነበር። ቡና ውስጥ ያለው ዘይት ሌላ ዓይነት ነው፤ ግን «የሚበላ ነገር ስለሆነ ቢሳብም አይጎዳም» የሚለው ሐሳብ ትክክል እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

«እሺ፣ ዘይቱንም ስኳሩንም ትቼ ሽታውን ብቻ በማጣራት ባወጣስ?» ትለኝ ይሆናል። አረቄ እንደሚወጣው ማለትህ ነው። በእርግጥ እንዲያ ካደረግህ የሚወጣው ነገር ኮይል አያጠቁርም። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ይኸኛው ነው፤ የራሴን ሙያ የሚነካ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቡና ሲቆላ ከ800 በላይ የሚተኑ ነገሮች ይፈጠራሉ። የሱቁ ፈሳሽ ቡና ቡና የማይልህም በዚህ ነው፤ ከእነዚህ ጥቂቱን ብቻ ቀላቅለው ነው የሚሠሩት። ከ800ዎቹ መካከል ዳይአሲታይል እና 2፣3 ፔንታንዳዮን የሚባሉ ሁለት አሉ። የቅቤ ሽታ ያላቸው እነሱ ናቸው። ማንም አይጨምራቸውም፤ ቡናው ራሱ ሲቆላ ይፈጥራቸዋል፣ ሲፈጭ ደግሞ በብዛት ይለቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሚዙሪ ውስጥ በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ 8 ሰዎች ቀጫጭን የሳንባ ቧንቧዎቻቸው ጠባሳ ሠርተው ተደፍነው ተገኙ። ይህ በሽታ ከያዘ ወደኋላ አይመለስም። ምክንያቱ ሲመረመር ለፈንዲሻው የሚጨመረው የቅቤ ሽታ፣ ማለትም ዳይአሲታይል ሆኖ ተገኘ። ከዓመታት በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ቡና በሚቆላና ጣዕም በሚጨመርበት ፋብሪካ የሠሩ 5 ሰዎች በዚያው በሽታ መያዛቸው ታወቀ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር፣ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ዳይአሲታይል ከአንድ ቢሊዮን እጅ 5 እጅ እንዳይበልጥ ነው። ከቢሊዮን አምስት!

እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ገና የተፈጨ ቡና ያለበት በርሜል ላይ አንገቴን አስግጌ አላሸትም። መፍጫው አጠገብ አየር የሚስብ ማራገቢያ ተክያለሁ፤ ሠራተኞቼም መስኮት ሳይከፍቱ አይፈጩም። ቤት ውስጥ ለሦስት ሲኒ ተቆልቶ ጭሱ ለእንግዳ ሲዞር ማሽተት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አትፍራ። አንተ ግን ልታደርግ ያሰብከው እኔ በማራገቢያ ከሠራተኞቼ የማርቀውን ነገር አጥርተህ፣ አጠራቅመህ፣ በቀን መቶ ጊዜ በቀጥታ ወደ ሳንባህ መላክ ነው። ወንድሜ፣ ይህን እንድታደርግ አልረዳህም። ሲጋራ ትተህ ዓመት ያለፍክ ሰው ነህ፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሳንባህን ደግሞ በሌላ መንገድ እንድትጎዳው አልፈልግም።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልክ፦ ሲጋራውን ለማራቅ ለጊዜው ቬፑ የግድ ከሆነብህ ምንም ጣዕም ያልተጨመረበትን ፈሳሽ ግዛ፤ ይሸጣል። የቡና አምሮትህን በሲኒ ተወጣው። ጠዋት ቆልተህ፣ አፍልተህ፣ ሲኒውን አፍንጫህ ሥር ይዘህ ጠጣ። ጣዕም የምንለው አብዛኛው በአፍንጫ ስለሆነ አፍህ ውስጥ የቆየው የአቦል ሽታ ጣዕም የሌለውን ፈሳሽ ለጥቂት ጊዜ ቡና ቡና ሊያሰኝልህ ይችላል። ከዚያ ኒኮቲኑን ቀስ በቀስ ቀንስ፤ ለዚህ ሐኪምህን ወይም ፋርማሲስትህን አማክር፣ የሚለጠፍም የሚታኘክም ነገር አላቸው። አገር ቤት ለመምጣት ካሰብክ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እዚህ እንዳይሸጥ እንደሚከለክል አስቀድመህ እወቅ።

ኒኮቲን የገባበትን ጠርሙስ መታጠቢያ ውስጥ አትድፋ፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጠህ አካባቢህ አደገኛ ቆሻሻ በሚሰበስብበት ቀን አስረክብ። ስትነካው ጓንት አድርግ፣ ኒኮቲን በቆዳም ይገባል።

የእናትህ ቡና ግን ከንቱ አይቀርም። ኤሰንስ የመሥራት ፍላጎቱም ትጋቱም አለህ፤ ለአፍ የሚሆነውን ላሳይህ። ይህ የእኔ እንጀራ ነው።

አቆላሉን ከቤቱ ቀለል አድርገው። ለጀበና እስኪያብረቀርቅ እንቆላለን። ለኤሰንስ ግን መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ድምፁ ረግቶ ቀለሙ ወጥ ቡናማ ሲሆን፣ ላዩ ገና ደረቅ ሳለ ከእሳት አውርደው። ዘይቱ ውስጥ ይቅር። በሰፌድ ላይ ቶሎ አቀዝቅዘህ አንድ ቀን ተኩል አሳርፈው።

ሙቀጫህን ለዚህ ሥራ ተወው። ውቅጡ ዱቄት ያበዛል፣ ዱቄቱ ወረቀት ይደፍናል፣ ፈሳሹንም ያደፈርሳል። በመፍጫ ሻካራ አድርገህ ፍጨው፤ ቅንጬ ታውቃለህ አይደል፣ ልክ እንደሱ ይሁን።

100 ግራም ቡና በብርጭቆ ማሰሮ ጨምረህ 400 ሚሊ ሊትር ምንም ሽታ የሌለው ቮድካ አፍስስበት። የቤት አረቄ አይሆንም፤ የራሱ ሽታ ቡናውን ይጫነዋል፣ ጥራቱንም አታውቀውም። ክዳኑን ገጥመህ ብርሃን በሌለበት፣ በክፍል ሙቀት አስቀምጠው። በቀን ሁለቴ ነቅነቅ አድርገው። ሦስት ቀን ይበቃዋል። አንተ ሦስት ሳምንት አቆይተሃል፤ ከአራተኛው ቀን በኋላ የሚወጣው መራራና እንጨት እንጨት የሚል ነገር ነው፣ ሽታው አስቀድሞ ወጥቷል።

ንጹህ ነጭ ጨርቅ ላይ ገልብጠህ በራሱ ይንጠብጠብ። አትጭመቀው! ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረችውን ሁለት ማንኪያ አገኛለሁ ብሎ ሲጨምቅ ዘይቱንና ደለሉን አብሮ ያወርደዋል። ቡናው ጠጥቶ ስለሚያስቀር ከ400ው 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ብታገኝ ልክ ነህ። እሱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው። ጠዋት ስታየው ላዩ ላይ ቀጭን ቅባት ተጠራቅሞ፣ ሥሩ ላይ ደለል ተኝቶ ታገኛለህ። ሳታናውጥ፣ እንደቀዘቀዘ፣ በቡና ማጥለያ ወረቀት አሳልፈው። ጊዜ ይወስዳል፤ እኔ ማታ አድርጌው ነው የምተኛው።

ጠንከር ያለ ከፈለግህ ያገኘኸውን 250 ሚሊ ሊትር በአዲስ 60 ግራም ቡና ላይ መልሰህ አፍስስና ሁለት ቀን ጨምርለት። ለኬክ ቤት የማቀርበው ይህን ሁለት ጊዜ የተዘፈዘፈውን ነው።

አልኮል የማይነካ ቤት ከሆነ 300 ሚሊ ሊትር ለምግብ የሚሆን ግሊሰሪን ከ100 ሚሊ ሊትር ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ጋር ደባልቅ። ለቆዳና ለፀጉር የሚሸጠው አይሆንም፤ ጠርሙሱ ላይ ለምግብ መሆኑ ይጻፍ። ማሰሮውን በሙቅ ውሃ ውስጥ አቁመህ 60 ዲግሪ አካባቢ አራት ሰዓት ያዘው፣ ትኩስ ሳለ አጥልል፤ ከቀዘቀዘ ወፍራም ስለሆነ አያልፍልህም። ይህንን ፍሪጅ አስቀምጠህ በሦስት ወር ጨርሰው። የቮድካው ግን በጥቁር ጠርሙስ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ዓመት ይቆያል። ቀኑን ጻፍበት።

ለግማሽ ኪሎ የኬክ ክሬም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ለአንድ ሊትር አይስክሬም አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። እሳት ላይ እያለ አትጨምረው፤ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ክሬሙ ተመትቶ ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻ ጨምረህ በቀስታ አገላብጠውና ሩብ ሰዓት አቆይተህ ቅመሰው፤ ወዲያው ብትቀምሰው ያነሰ ይመስልህና ታበዛዋለህ።