«ካርታው ኦሪጅናል ነው፤ ሌላ ምን ቀረ?» ለምትሉ ልጆቼ

ሐዋሳ ላይ ቤት ለመግዛት የተነሣ ወጣት ዘወትር ይህን ይጠይቃል፦ «ካርታው ኦሪጅናል ነው፤ ሻጩም ውክልና አለው። ሌላ ምን ቀረ?» በሰማሁት ቁጥር ይቆጨኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነውና።

ብዙው ጣጣ የሚነሣው ከውክልናው ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ይኖራል፤ ዘመድ «ጠቅላላ ውክልና» ይዞ ይቀርባል። ማኅተሙም ፊርማውም ትክክል ነው። ይሁንና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፦ ለማከራየት፣ ኪራይ ለመሰብሰብ፣ ለማሳደስ። ቤት ለመሸጥ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «እንዲሸጥ» የሚለውን ቃል በጣታችሁ እየተከተላችሁ ፈልጉ። ብታገኙትም አላለቀም፤ በመርሕ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። ወረቀቱ ግን እንደ ቀድሞው ንጹሕ ሆኖ እጃችሁ ላይ ይቀመጣል። ገዥ ከፍሎ፣ ቀለም ቀብቶ ከገባ በኋላ የሟቹ ልጆች የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ይከሳሉ። ስለዚህ ውክልናው እንዳልተሻረ ከሰጠው መሥሪያ ቤት አጣሩ፤ ባለቤቱንም በቪዲዮ ደውላችሁ አነጋግሩ። የሰፈሩን እድር ሰብሳቢም ጠይቁ። ከሰነድ በቀር ምንም አትመኑ እላለሁ፤ ለቅሶ የተቀመጠ ጎረቤት የሚያውቀውን ግን የትኛውም ማኅደር አይነግራችሁም።

የዛሬ ልጆች ያገለገለ ስልክ ለመግዛት ሦስት ቀን ታጣራላችሁ፤ ቤቱን ግን ደላላ «ሌላ ገዥ እየመጣ ነው» ስላለ በአንድ ከሰዓት ቀብድ ትከፍላላችሁ። በሌላ ካልተስማማችሁ በቀር በቁጥር 1885 መሠረት ገዥ ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጭ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከሻጩ ጋር መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ማኅደሩን አስወጡ። ስሙን ከመታወቂያው፣ ካሬ ሜትሩን ከግቢው ጋር አስተያዩ። የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እግድ የሚገኘው ማኅደሩ ውስጥ ነው፤ ሻጩ በያዘው ካርታ ላይ ላይታይ ይችላል። በቆየ ሰነድ ላይ የደቡብ ክልልን ስም ስታዩ አትደንግጡ፤ ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት በተጻፈ ወረቀት ላይ የሲዳማ ክልል ማኅተም ካለ ግን ተነሥታችሁ ሂዱ።

መሬት አይሸጥም፤ የምትገዙት ቤቱን ነው። ይዞታው በሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ የሊዝ ክፍያ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ አስነግሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ፣ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ቱላ አካባቢ በሽማግሌ ፊት የሚፈረመውን የመንደር ውል አትቀበሉ። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ውል መፈራረም ብቻውንም ባለቤት አያደርግም፤ በቁጥር 1185 መሠረት ስሙ በመዝገብ መዛወር አለበት። ከዋጋው ዳጎስ ያለ ድርሻ አስቀሩ፤ ካርታው በስማችሁ ሲወጣ እንደሚከፈልም ውሉ ውስጥ አስጽፉ።