ምጣድ ገዝተን ከሰሉ ለምን አልቀረም? (መልስ)

«የኤሌክትሪክ ምጣድና ስቶቭ ገዝተን ከሰል መግዛት አልተውንም፣ ለምን?» ላልሽው፦ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ማገዶ በአንድ ቀን ከቤት አይወጣም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይደረባል። መጀመሪያ የሚቀረው እንጨቱ ነው፣ የእንጀራ ጭስ ሁሉንም አስመርሯላ። ከሰል ግን በቡና ሰበብ ይቆያል። ደግሞ መብራቱ አለ። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ሰፈሩ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ሲጋግር ኃይሉ ይደክማል፣ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። እናቴ ሊጡ ኮምጥጦ እንዳይቀርባት «ምርጥ» የሚባለውን እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃዋን እስካሁን ከጓሮ አላነሳችም። ከሰሉን ለመቀነስ እኔ ብሆን ከወጥ ሥራው እጀምር ነበር። ሽሮው በየቀኑ ነው የሚሠራው፣ ወደ ስቶቭ ይዙር። ብቻ ለቡናው ከሰል ስታቀጣጥሉ በርና መስኮት እንዳትዘጉ።