መልስ፦ «ካልቫይቲስ» የሚለው የሊትዌኒያ ስም

የጓደኛህ የቤተሰብ ስም «ካልቫይቲስ» ምን ማለት እንደሆነና ዘመዶቹን ከየት መፈለግ እንደምትጀምር ጠይቀሃል። «ካልቪስ» በሊትዌኒያ ቋንቋ ብረት ቀጥቃጭ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «አይቲስ» ደግሞ ከድሮ ጀምሮ «የእገሌ ልጅ» እንደማለት ነው። ስለዚህ የጓደኛህ የቤተሰብ ስም «የቀጥቃጩ ልጅ» ማለት ነው። «አይቲስ» በብዛት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ፣ ሱቫልኪያ በሚባለው አካባቢ ስለሆነ ፍለጋህን ከዚያ ጀምር።

«ሦስት ሰው ብቻ አገኘሁ፣ ይሄን ያህል ብርቅ ነው ወይ?» ላልከው፣ የፈለግከው የወንዱን ስም ብቻ ነው። በሊትዌኒያ የሴት ስም መጨረሻው ይለያል፤ የካልቫይቲስ ሚስት ካልቫይቲዬኔ፣ ያላገባች ልጁ ካልቫይቲቴ ትባላለች። አንድ ቤት፣ ሦስት ስም! ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሴቶች ማግባት አለማግባታቸውን የማይናገር አጭር ስም መያዝ ይችላሉ፤ እሱ ካልቫይቴ ይሆናል። አራቱንም ፈልግ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የጓደኛህ አያት አሜሪካ ኖረው ከሆነ ስሙ እዚያ አጥሮ ሊሆን ይችላል። የቀድሞው የሊትዌኒያ ፕሬዝዳንት ቫልዳስ አዳምኩስ እንኳ ሲወለዱ አዳምካቪቹስ ነበሩ። እኔ አንዴ አጭሩን ስም ይዤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሳገላብጥ ሁለት ሳምንት ከረምኩ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። መጀመሪያ ጓደኛህን የአያቱን የዜግነት ወረቀት ጠይቀው። የድሮው ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ አለ።