ስለ ሎካልሆስት የከነከናችሁን ጠይቁ

ሰላም የባህር ዳር ልጆች። ስለ 127.0.0.1 በየቀኑ ስለምትጠይቁኝ ዛሬ ማታ መብራት እስካለ እመልሳለሁ። ርዕሱ ሉፕባክ ብቻ ነው፦ ኮምፒውተር ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ። 127.0.0.1 አድራሻው ነው፣ ሎካልሆስት ደግሞ ስሙ። የዋይፋይ ፓስወርድ የሚጠይቀኝን አላውቀውም።

የፖሊ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ እያለ 127.0.0.1ን ፒንግ ሳደርግ (አለህ ወይ የሚል መልእክት ስልክበት) ይመልሳል። የኔትወርክ ካርዱ ደህና ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ካርዱን መች ነካኸው? ሉፕባክ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ ኢንተርፌስ (የኔትወርክ መግቢያና መውጫ) ነው። የላክኸው ፓኬት ካርዱ ጋ ሳይደርስ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ዞሮ፣ ከውጭ እንደመጣ ሆኖ ይገባል። ገመዱን ንቀል፣ ዋይፋዩን አጥፋ፣ ያው ይመልስልሃል። የሚነግርህ የኔትወርኩ ሶፍትዌር መሥራቱን ብቻ ነው። መስመሩን መፈተሽ ከፈለግህ ራውተርህን ፒንግ አድርግ።

ጣና ዳር፦ ጣናን ዞራ እዚሁ እንደምትመለስ ጀልባ በለዋ!

መልስ፦ ጀልባዋ ከወደቡ አልወጣችም። ቀጥሉ።

የፖሊ ተማሪ፦ 127.0.0.2 ብልስ?

መልስ፦ ሊኑክስ ላይ ይመልሳል። በ127 የሚጀምረው ሁሉ፣ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ፣ ለዚሁ ነው የተተወው። ማክ ላይ ግን ራስህ ካልጨመርከው አይመልስም። በአይፒ 6 ያለው አንድ ብቻ ነው፦ ::1።

ፔዳ አካባቢ ሱቅ ያለኝ፦ የሽያጭ ሲስተሙ ኮምፒውተሬ ላይ ይከፍታል። ስልኬ ላይ ሎካልሆስት ብዬ ስጽፍ ግን እምቢ አለ። ዋይፋዩ አንድ ነው።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ስልክህ ላይ ሎካልሆስት ስትል የምትጠይቀው ስልክህን ራሱን ነው። እሱ ደግሞ የሽያጭ ሲስተም የለውም። መጻፍ ያለብህ የኮምፒውተርህን የዋይፋይ አድራሻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 ይጀምራል።

እሱም እምቢ ካለ ሰርቨሩ (ሲስተሙን የሚያቀርበው ፕሮግራም) የት እንደሚያዳምጥ፣ ማለትም በየትኛው አድራሻ ጥያቄ እንደሚጠብቅ እይ። 127.0.0.1 ላይ ከሆነ ከዚያው ማሽን በቀር ማንም አይደርስበትም። 0.0.0.0 ካደረግከው በሁሉም ኢንተርፌስ ይሰማል። እና ልብ በሉ፦ ድረ ገጹን ክፈቱት፣ ዳታቤዙን ግን 0.0.0.0 ላይ አታድርጉ። ሲስተሙና ዳታቤዙ አንድ ማሽን ላይ ካሉ በ127.0.0.1 ይነጋገራሉ፣ ሌላ ሰው ምን አገባው? ላፕቶፑን ይዘህ ሐይቁ ዳር ካፌ ስትቀመጥ እኮ የካፌው ዋይፋይ ላይ ያለ ሁሉ ጎረቤትህ ነው። ሬዲስ የሚባለው ዳታቤዝ ሠሪዎች እንኳ ሰው ሲዘናጋ አይተው፣ ከስሪት 3.2 ጀምሮ ፓስወርድ ሳይኖረው እንዳለ የተተወ ሬዲስ ለሉፕባክ ብቻ እንዲመልስ አድርገዋል።

ቀበሌ 14፦ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደው) ካለ ምን ያስፈራል?

ዶከር ወዳጅ፦ ኧረ ተው! ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ የተለዩ ሳጥኖች ውስጥ የሚያስኬደው) ፖርት፣ ማለትም የፕሮግራም በር ቁጥር፣ ሲከፍት የሊኑክሱን ፋየርዎል ዩኤፍደብሊውን አልፎት ይሄዳል። ዘግቻለሁ ብለህ ተኝተህ ክፍት ታገኘዋለህ።

ቀበሌ 14፦ ታዲያ ጥፋቱ የዶከር ነው እንጂ የፋየርዎል አይደለም።

ዶከር ወዳጅ፦ የማንም ይሁን፣ ክፍት ነው።

መልስ፦ ዶከር ወዳጅ ልክ ነው። ፖርቱን ስትከፍቱ ከፊቱ 127.0.0.1 ጨምሩበት፣ ክርክሩ ያልቃል። እግረ መንገዴን፦ እያንዳንዱ ኮንቴይነር የራሱ ሉፕባክ አለው። ኮንቴይነር ውስጥ ሆናችሁ ሎካልሆስት ስትሉ ኮንቴይነሩን እንጂ ላፕቶፑን አታገኙም።

አዲስ ገቢ፦ ሎካልሆስት አልሠራም አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ? የትኛው ፕሮግራም? በስንት ፖርት? የወጣው መልእክት ምን ይላል? «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ እዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ የለም ማለት ነው። ሌላ ከሆነ ጽፈህ ተመለስ።

ኮደሯ፦ ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሎካልሆስት ስለው ይገባል፣ 127.0.0.1 ስለው አይገባም። አንድ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ጎበዝ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። ሊኑክስ ላይ ማይኤስኪውኤል ሎካልሆስት ስትይው ኔትወርክ አይነካም፣ በዩኒክስ ሶኬት፣ እዚያው ማሽን ላይ ባለ ልዩ ፋይል ነው የሚገባው። 127.0.0.1 ስትይ በኔትወርኩ መንገድ፣ በቲሲፒ ይሄዳል። ስለዚህ ቲሲፒው ተዘግቶ ወይም በሌላ ፖርት ሆኖ ይሆናል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ሎካልሆስት ስም ነው፣ ወደ ::1ም ወደ 127.0.0.1ም ሊፈታ ይችላል። ኖድ (ጃቫስክሪፕት የሚያስኬደው) ከ17ኛው ስሪት ወዲህ ሲስተሙ ያስቀደመለትን ይወስዳል። ሰርቨርሽ በአይፒ 4 ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ ትናንት የሠራው ኮድ ዛሬ ሊከለክልሽ ይችላል። ቁጥሩን መጻፍ ይሻላል።

ቢሮ ኔትወርክ፦ ሲስኮ ራውተር ላይ የምንፈጥረው ሉፕባክስ?

መልስ፦ እሱ ሌላ ነው። መደበኛ አድራሻ ትሰጠዋለህ፣ ከውጭም ይደረስበታል። ጥቅሙ ገመድ ቢነቀልም አለመውረዱ ነው። ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚጠቋቆሙበት ደንብ) የራውተሩን መለያ ከሱ የሚወስደው ለዚህ ነው።

ጣና ዳር፦ የዲስክ ኢሜጅ ስከፍት የሚመጣው ሉፕ 0ስ?

መልስ፦ አይገናኝም።

አዲስ ገቢ፦ ስልኬ ላይ ሎካልሆስት ስል አይከፍትም...

መልስ፦ ከላይ አለ። አንብብ።

ቢሮ ኔትወርክ፦ ጋሼ፣ አሁን ሳየው የቢሯችን ዳታቤዝ 0.0.0.0 ላይ ነው። ፓስወርድም የለውም። ሰኞ ላመልክት?

መልስ፦ ምን ሰኞ! ተነስና አሁን ዝጋው።