ችሎት ፊት ስለ ጉዳታችሁ ለምትናገሩ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ወንጀል ለተፈጸመባችሁ፣ ወይም እናታችሁን፣ ወንድማችሁን፣ ጓደኛችሁን በወንጀል ላጣችሁ ወጣቶች ነው። በዐቃቤ ሕግነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የተጎጂ መግለጫ ለመጻፍ ባዶ ወረቀት ይዘው ከፊቴ ቁጭ ያሉ ሰዎች ሁሉ ለማለት ይቻላል፣ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ “ምን ብዬ ልጀምር?”

ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት፣ በብዙ አገሮች ተጎጂው ወንጀሉ ያደረሰበትን ጉዳት ጽፎ ማቅረብ ይችላል። ከፈለገ ራሱ ያነበዋል። ይህ መብት ዛሬ የተለመደ ይምሰል እንጂ ዕድሜው አጭር ነው። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ” እንላለን፤ ሕጉ ግን የተወጋውን ለመጠየቅ ብዙ ዘገየ። ተጎጂው ምስክር ብቻ ነበር። የተጠየቀውን መልሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ ውስጥ ጄምስ ሮውላንድ የተባለ የአመክሮ ኃላፊ የተጎጂዎችን ጉዳት በጽሑፍ ለዳኛ ማቅረብ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1985 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተጎጂዎች ሐሳብና ስጋት በፍርድ ሂደቱ ውስጥ እንዲደመጥ የሚል መግለጫ አጸደቀ። እንግሊዝና ዌልስ አሠራሩን የጀመሩት በ2001 ነው። ስለዚህ የያዛችሁት ወረቀት ብዙዎች ሳያገኙት ያለፉት ነገር ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ከሁሉ በፊት የምለው፦ ስለ ተከሳሹ አትጻፉ፣ ስለ ራሳችሁ ጻፉ። ምን እንዳደረገ ዳኛው ያውቃል። ምስክር ሰምቷል፣ ማስረጃ አይቷል፣ ጥፋተኛ ብሎታል። የማያውቀው ከዚያ ቀን ወዲህ እንዴት እየኖራችሁ እንደሆነ ነው። ይህን ከእናንተ በቀር ማንም ሊነግረው አይችልም።

ብዙዎቹ የመጀመሪያ ረቂቆች “በጣም ተጎድቻለሁ፣ ሕይወቴ ተመሰቃቅሏል” ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ማንም ተጎጂ ሊጽፈው ይችላል። አንድ ጊዜ ተደብድቦ እጁ የተሰበረ ሰው እንዲህ ብሎ ጽፎ መጣ። “ጠዋት ስትነሣ ምን ታደርጋለህ?” ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና “ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ የሰባት ዓመት ልጄ ናት። ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባት ስትጣደፍ አንዳንዴ ቁልፉን ታዛንፈዋለች፤ እኔም እንደዚያው ለብሼ እወጣለሁ” አለኝ። “ይህንን ጻፈው” አልኩት። ጻፈው። ችሎት ላይ ሲነበብ ቀና ብሎ ያልተመለከተ ሰው አልነበረም።

እናንተም እንዲህ ያለውን ፈልጉ። ማታ ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ? የትኛውን መንገድ መሄድ ተዋችሁ? ስልክ ሲጠራ ምን ይሰማችኋል? ሥራ፣ ትምህርት፣ ትዳር፣ ጓደኝነት፣ ምን ተለወጠ? ገንዘብም አይቅር። ለሕክምና የወጣው፣ ከሥራ በመቅረት የቀረው ደመወዝ፣ የተሰበረው ዕቃ ይገባል። ደረሰኙን ለብቻ ያዙት፤ ካሳ ሲጠየቅ ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ትንሽ ጽፋችሁ ተዉት፣ ሌላ ቀን ተመለሱበት። ሲያነሱት የሚያም ነገር ነው።

መተው ያለባችሁም አለ። ስድብና ዛቻ አይግባ። ያልተከሰሰበትን ሌላ ጥፋት አትጥቀሱ። አድራሻችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን አትጻፉ፤ ወረቀቱ ለተከሳሹ ጠበቃ ይደርሳል፣ ተከሳሹም ያነበዋል። እንዲያውም በአንዳንድ አገሮች በጻፋችሁት ላይ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብባችሁ ስለሚችል ምንም ነገር አታጋንኑ። ስለ ቅጣቱ መጠን መናገር ደግሞ እንደየአገሩ ነው። በእንግሊዝ ተጎጂው “ይህን ያህል ይፈረድበት” ቢል ዳኛው ግምት ውስጥ አያስገባውም፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግን መናገር ይቻላል። ዐቃቤ ሕጉን ወይም የተጎጂ ድጋፍ ሠራተኛውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

“እኔ መጻፍ አልችልም” ለምትሉ፣ የካናዳ ቅጽ ግጥም ወይም ሥዕል ማያያዝን እንኳ ይፈቅዳል። እዚያው አገር የሞተባችሁን ሰው ፎቶ ይዛችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ቋንቋው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉ፤ አስተርጓሚው ግን ወረቀቱን ቀድሞ ያግኘው። ችሎት ላይ ድንገት የሚተረጎም ሐዘን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ለንባቡ ቀን በትልልቅ ፊደል አትሙት፣ ገጾቹን ቁጥር ስጧቸው። እጅ ሲንቀጠቀጥ ወረቀት ይደባለቃል። ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታችሁ ደጋግሙት። የት ቦታ ላይ እንባ እንደሚተናነቃችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ጋ ምልክት አድርጉና ቆማችሁ ተንፍሱ። ዳኛው ይጠብቃል፣ አትቸኩሉ። ዓይናችሁን ወደ ዳኛው አድርጉ። ጥፋተኛውን ከፈለጋችሁ ብቻ እዩት። ሊያቀረቅር ይችላል፣ ፈገግም ሊል ይችላል፤ ፊቱ ላይ ጸጸት ፈልጋችሁ አትሂዱ። አንድ የምታምኑትን ሰው ደግሞ ቅጂ አስይዙት፤ ካቃታችሁ ከቆማችሁበት እንዲቀጥልላችሁ ፍርድ ቤቱን አስቀድማችሁ ማስፈቀድ ይቻላል። በመጋረጃ ተከልሎ ወይም በቪዲዮ ማንበብ የሚፈቀድበትም አለ።

ስለ ይቅርታ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ከልቤ የሚያስቆረቁረኝ ነው። ሽማግሌ ይመጣል፣ ዘመድ ይመጣል፣ “ይቅር በለው፣ ይቅርብሽ፣ ሆድ ይፍጀው” ይላል። ሌላው ደግሞ “እንዳትምረው!” ብሎ ይገፋል። በነሐሴ 2020 (እ.ኤ.አ.) በኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች፣ በሁለት መስጊዶች 51 ሰው የገደለው ሰው ቅጣት ሲወሰን ተጎጂዎች ለቀናት እየተነሡ ተናገሩ። ይቅር ብዬሃለሁ ያሉ ነበሩ። መቼም ይቅር አልልህም ያሉም ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ሁሉንም ሰማ። የእናንተም ቃል የእናንተ ይሁን፤ ማንም በአፋችሁ አያስገባው። ጭራሽ መናገር ካልፈለጋችሁም መብታችሁ ነው። አልተናገሩም ተብሎ አልተጎዱም አይባልም።

ስለ ውጤቱ እውነቱን ልንገራችሁ። ዳኛው ሲፈርድ የሚያየው ብዙ ነገር ነው፤ የወንጀሉ ክብደት፣ የቀድሞ ሪከርድ፣ ማቅለያው፣ ሕጉ ያስቀመጠው ወሰን። የእናንተ ቃል ከእነዚህ ጋር አብሮ ይመዘናል እንጂ ብቻውን ዓመት አይጨምርም። ቅጣቱ አነሰ ብላችሁ “ባሳምር ኖሮ” ብላችሁ ራሳችሁን እንዳትወቅሱ። በዚህ ጸጸት ሲሠቃዩ ያየኋቸው አሉ፤ ያልሠሩትን ጥፋት ነው የተሸከሙት። ከችሎቱ በኋላ ያለውን ቀን ሥራ አታብዙበት። ብቻችሁንም አትሁኑ።

ቅጂውን አስቀምጡት። በብዙ አገሮች ፍርደኛው በአመክሮ ይፈታ ሲባል ተጎጂው እንደገና ሐሳቡን እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ያኔ የድሮውን አውጥታችሁ አንብቡና ምን እንደተሻላችሁ፣ ምን እንዳልተሻላችሁ አዲስ ጻፉ።